የአቅኚው ሁለት ስሞች

አባቴ ባረፈ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ቤታችን ገና በሰው እንደ ተሞላ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉና ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከኩታበር መጡ። እንደ ሩቅ እንግዳ የድንኳኑን ጥግ ይዘው አልተቀመጡም፤ በቀጥታ ወደ አክስቴ ሄደው፣ እጇን ይዘው አብረዋት አለቀሱ። እኔ ከዚያ ቀን በፊት አይቻቸው አላውቅም ነበር። ቡና ሲቀርብ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከአባቴ ጋር እንዴት እንደሚተዋወቁ ጠየቅኳቸው። «አላህ ይዘንለት፤ እኔና አባትህ ከአንድ አባት የወረድን ነን» አሉኝ፤ ከዚያም ከራሳቸው ጀምረው ጣታቸውን እያጠፉ ወደ ላይ ቆጠሩልኝ። በአራተኛው ጣት ላይ የጠሩት ስም ግን እኔ በልጅነቴ ካጠናሁት ስም ጋር በአንድ ፊደል እንኳ አይገጥምም ነበር። የሳቸው የእስላም ስም ነው፤ የእኛ የክርስቲያን ስም ነው። በዚያ ላይ እኛ ከአባቴ ጀምረን ስንቆጥር ያ ሰው የሚመጣው በሦስተኛው ጣት ነው። ሽማግሌውና አባቴ በዕድሜ ብዙም የማይበላለጡ ሰዎች ሆነው ሳለ አንዱ ከአባታቸው አንድ ትውልድ ይርቃል፣ ሌላው ይቀርባል። ተሳስተዋል ብዬ ለማለፍ ይቀለኝ ነበር። አክስቴ ግን አንገቷን ነቅንቃ «እውነታቸውን ነው» ካለች በኋላ ዝም አለች፤ በለቅሶ ቤት ከዚያ በላይ መጠየቅ ነውር ስለ ሆነ እኔም ዝም አልኩ።

የሰዎቹን ስም እዚህ ላይ አልጽፍም። ከሁለቱም ወገን በሕይወት ያሉ ዘመዶች ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልወደዱ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ። የቀረው ሁሉ ግን ባየሁትና በሰማሁት ልክ ነው።

በእኛ ቤት እኚያ ሰው ከስማቸው ይልቅ በሥራቸው ነበር የሚጠሩት፤ «አቅኚው» ይባሉ ነበር። «ማቅናት» በአገራችን አነጋገር ሰፊ ቃል ነው። ጫካ መንጥሮ፣ ድንጋይ ለቅሞ፣ ጠፍ መሬትን ለእርሻ ማብቃት ማቅናት ነው፤ ከጌታ ጋር ዘምቶ ግዛት ማስፋትም «አገር ማቅናት» ይባላል። አባቴ ታሪኩን ሲነግረን ሁልጊዜ ሁለተኛውን ትርጉም ይዞ ነበር። በእሱ አነጋገር አቅኚው ኋላ ንጉሥ የተባሉት የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤል ባለሟል ነበሩ፤ ራስ ሚካኤል መቀመጫቸውን ከተንታ ወደ ደሴ ሲያመጡ ከጦሳ ተራራ ሥር ድንኳን ከተከሉት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ለአገልግሎታቸውም ገራዶ ላይ መሬት ተሰጣቸው። ከዚህ ታሪክ ጋር የከተማዋ ስያሜ አብሮ ይመጣል፤ ዐፄ ዮሐንስ ወሎ ላይ ሰፍረው ሳለ በ1875 በሰማይ የታየውን ጅራታም ኮከብ አይተው ልባቸው ስለ ተደሰተ ቦታውን «ደሴ» አሉት የሚባለው። አባቴ ይህንን ሲተርክ እጁን ወደ ጦሳ ይዘረጋ ነበር፤ እኛም ልጆቹ ኮከቡን በዚያ በኩል ያየነው ይመስለን ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያጎድል ነገር ስፈልግ አልነበረም። ፍለጋውን የጀመርኩት ሽማግሌው በአራተኛው ጣታቸው ላይ የጠሩት ስም እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ነው።

የአያትን አባት በአገራችን መፈለግ ከባድ የሚሆንበት የመጀመሪያ ምክንያት ስማችን ራሱ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ልጅ የራሱን፣ የአባቱን፣ ቢበዛ የአያቱን ስም ይዞ ይሄዳል፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር ከኋላ አንድ ስም ይወድቃል። ከአቅኚው እስከ ልጆቼ ድረስ ባለው መንገድ የአንዱ ስም ከሌላው ጋር የሚያያዝበት ገመድ ቢበዛ ሦስት ክንድ ነው። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በወጉ የተጀመረው በ2008 ነሐሴ ወር ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሰው የተመዘገበው በሰው አፍ፣ በነፍስ አባት እጅ፣ አለዚያም በክስ መዝገብ ላይ ነው። የእኛ ቤት ወረቀት ደግሞ ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በደበደቡ ዕለት ከነሣጥኑ ተቃጥሏል። ስለዚህ የቀሩኝ አክስቴና አንድ ዳዊት ነበሩ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል፤ የምትኖረው ሆጤ ነው። «እትዬ፣ እስኪ ትውልዱን ቁጠሪልኝ» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። «ማን ይጠይቀኝ ነበር ልጄ! ከደርግ ወዲህ የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። ከዚያም ዓይኗን ጨፍና፣ ዜማ ባለው ድምፅ፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት፣ እንጅላት እያለች በየስማቸው አወረደችው፤ አንዳንዱ ስም ላይ ስትደርስ ወደ ጎን ተጉዛ ወንድምና እኅቱን ሁሉ ከነልጆቻቸው ትዘረዝርና እንደገና ወደ ዋናው መንገድ ትመለሳለች። ያለ ወረቀት፣ ሳትደናቀፍ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆጠረች።

ይህን ቆጠራ የተማረችው ለጌጥ አልነበረም። አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ በገራዶው መሬት ላይ ለዓመታት ተካሰው ነበር። ርስት በሚጠየቅበት ችሎት ሰው የሚቆመው ትውልዱን ይዞ ነው፤ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ዋና አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ሳይዘል ሳያቋርጥ መቁጠር አለበት፤ ተቃራኒው ወገን ደግሞ አንዷን ስም ለመጣል ይቆማል። ርስት በወንድም በሴትም ይወርዳልና የሴቶቹ ስም ከተዘለለ መብቱ ይሰበራል። አያቴ የእጅ ጽሑፍ ስለማይችሉ ማታ ማታ ልጆቻቸውን ሰብስበው ቆጠራውን ያስጠኗቸው ነበር። ከርስቱ ሌላ ሁለተኛ ጉዳይም ነበረው፤ በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ መጋባት ነውር ስለ ሆነ ልጅ ከመታጨቱ በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይቆጥሩ ነበር።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 መጣ፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። አክስቴ እንደምትለው አያቴ አዋጁን በሬዲዮ ከሰሙበት ምሽት ወዲህ ልጆቻቸውን ትውልድ አላስጠኑም። እኔ ርስትን መልሼ የምመኝ ሰው አይደለሁም፤ በወሎ ስንት ጭሰኛ የሌላውን መሬት እያረሰ፣ ከምርቱ አካፍሎ፣ በረሃብ ዘመን መጀመሪያ የሚሞተው እሱ እንደ ነበር አውቃለሁ። ነገር ግን መሬቱ ከትውልድ ቆጠራ ጋር ምን ያህል ተሳስሮ እንደ ነበር የገባኝ በዚያች ቀን ነው። መሬቱ ሲሄድ ቆጠራውን የሚጠብቅ አልተገኘም። ከአክስቴ በታች ያለነው ሁላችንም የአያታችንን አባት ስም ብቻ ይዘን ቀረን፤ እሱም ቢሆን ስህተት ኖሯል።

ስህተቱን ያወጣው ዳዊቱ ነው። ይህ ዳዊት በቀበቶ የሚንጠለጠል የቆዳ ማኅደር አለው፤ ማኅደሩ ከብዙ ዓመት ጭስ የተነሣ ጠቁሮ እንደ ብረት ደርቋል። ሽፋኑ እንጨት ነው፤ አንደኛው ሳንቃ ለሁለት ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። ብራናው በገጹ ጠርዝ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል፣ ከመገለጥ ብዛት ልሟል። በ1928ቱ ድብደባ ጊዜ ገራዶ ስለ ነበር ተረፈ፤ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ሲገባም አክስቴ ልብስ ሳትይዝ እሱን በነጠላዋ ጠቅልላ ነው የወጣችው። ከመጨረሻው መዝሙር በኋላ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ በተለያየ እጅና በተለያየ ቀለም የተጻፉ አጫጭር ማስታወሻዎች አሉ። የአካባቢያችን ቄስ መምሬ አጠገቤ ተቀምጠው አነበቡልኝ። ከሁሉ ጥንታዊ የሚመስለው ማስታወሻ ከብት ባለቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ለባለ ዳዊቱ ሴት ልጅ መወለዷን ይናገራል። የክርስትና ስሟም ተጽፏል። ዓመተ ምሕረቱ ግን የለም።

መምሬ ጣታቸውን ብራናው ላይ እንዳሳረፉ «ይህ እንኳ ቀላል ነው» አሉኝና አሳዩኝ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ለአራት ይካፈላል፤ አንድ ከቀረ ማቴዎስ፣ ሁለት ከቀረ ማርቆስ፣ ሦስት ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። በዚያ ዘመን ዘመነ ማርቆስ የዋለባቸው ዓመታት 1878፣ 1882 እና 1886 ናቸው። የከብቱ በሽታ ጣሊያኖች ካስመጧቸው ከብቶች ጋር በምፅዋ በኩል የገባው በ1880 ነው፤ ከዚያ ወደ ደጋው ሲወጣ ከብቱን ጠራርጎ ፈጀው። ስለዚህ 1878 ይቀድማል፣ 1886 ይዘገያል፤ ሕፃኗ የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 1882 ነው። ለአንድ መቶ ሠላሳ ዓመታት ያህል ዓመቷ ያልታወቀ የአንዲት ሴት የልደት ቀን፣ በማካፈልና በአንድ የከብት እልቂት አማካይነት፣ ከኩርሲው አጠገብ ተቀምጠን ሳለን ወጣ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

1882 ምን ዓመት እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው ይህን ማስታወሻ ዝም ብሎ አያልፈውም። ክፉ ቀን የምንለው ዘመን መካከል ነው። በሬው ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ ዝናብ ቀረ፤ ከጎተራ የተረፈውንና ከማሳ የበቀለውን አንበጣ፣ ተምችና አይጥ ጨረሱት። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ፣ አገሩም ከአንድ ንጉሥ ወደ ሌላው ከተሻገረ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። የውጫሌ ውል፣ ከደሴ ሰሜን ከእኛ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ተፈርሞ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ በሬ አጣሁ ብሎ እጁን እንዳያጣጥፍ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል። ታዲያ በዚያ ዓመት ባለ ዳዊቱ ገራዶ ላይ ምን እያደረጉ ነበር?

ይህን ለአክስቴ ጠየቅኳት። «እሱንማ መሬቱ ራሱ ይነግርሃል» አለችኝ፤ «ስሙ የዶማው ነው።» በክሱም ጊዜ በዚሁ ስም ነበር የሚጠራው። እኔ ያን ስም በልጅነቴ ሰምቼው ነበር፤ ግን የሆነ የሰው ስም መስሎኝ ኖሯል። አያቴ እንደ ነገሯት ከሆነ መሬቱ ቁጥቋጦና ድንጋይ የሞላበት ተረተር ነበር፤ በሬ ባልነበረበት በዚያ ዘመን አቅኚውና ሚስታቸው በዶማ እየቆፈሩ፣ ድንጋዩን እየለቀሙ ከዳር እየካቡ፣ መጀመሪያ ገብስ ዘሩበት። ራስ ሚካኤል የሰጡት መሬት ወሬ በቆጠራው ውስጥ የለም። አክስቴ ይህን የጌታ ስጦታ ታሪክ መቼ እንደ ሰማች ስጠይቃት «አባትህ ነው ያመጣው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ» አለች። አባቴን አልወቅሰውም። ከደሴ ልጆች ጋር አብሮ የተማረ ሰው ነው፤ የእያንዳንዱ ጓደኛው አያት ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል አሽከር፣ አጋፋሪ ወይም ፈረሰኛ ነበር። አባት ያቀና ሲባል በሰይፍ ያቀና ብሎ መረዳት በዚያ ዕድሜ ደስ ይላል። እኔ ግን ዛሬ ሁለቱን ሳስተያይ በዶማ ያቀናው ሰው ይበልጥብኛል። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዓመት፣ ያረገዘች ሚስት ይዞ፣ ያልተነካ ተረተር ላይ ዶማ ማንሣት ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ ሳስብ ልናገረው የምችለው ቃል ያጥረኛል።

ወደ ጣት ቆጠራው ልመለስ። ዳዊቱ ላይ የተወለደችው ሴት ማን ናት? በእኛ ቆጠራ ውስጥ እንዲህ የምትባል ሰው አልነበረችም። አቅኚው የአያቴ አባት ናቸው ብለን ስለምናምን እሷን የአያቴ እኅት ማድረግ ነበረብን፤ አያቴ ግን የተወለዱት በ1908 ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት የምትበልጥ እኅት መሆኗ ነው። አክስቴ መጀመሪያ ተሸፋፍና መለሰችልኝ፤ ኋላ ግን ስኒውን አስቀምጣ በቀጥታ ተናገረች። «እኅት አይደለችም። እናታቸው ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ገና ሕፃን ሳሉ አባታቸው ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ዘመቱ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ ከዙፋን መውረዳቸው ከታወጀ በኋላ ንጉሡ የወሎን ሠራዊት ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ በተደረገው ጦርነት ተሸንፈው ተማረኩ። ያን ቀን ከወሎ ቤት ሙሾ ያልወጣበት ቤት ጥቂት ነው። የአያቴ አባት አልተመለሱም። እናታቸው በሃያ ስድስት ዓመታቸው መበለት ሆነው፣ ልጃቸውን አዝለው፣ ገራዶ ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። ሕፃኑን ያሳደጉት አቅኚው ናቸው፤ ልጁም በአሳዳጊው በአያቱ ስም ተጠራ። ይህ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ክፉ ነገርም የለበትም። ነገር ግን ስሙ አንድ ጊዜ በግብር ደረሰኝ ላይ ከተጻፈ በኋላ አያት አባት ሆኑ፤ በመካከል የነበሩት ሁለት ሰዎች፣ ሰገሌ ላይ የወደቁት አባትና ዶማውን የወረሱት እናት፣ ከቤታችን ወረቀት ወጡ። በችሎት ግን አልወጡም ነበር። አያቴ ርስቱን ሲከራከሩ የእናታቸውን ስም ካልጠሩ መብት ስለማይኖራቸው በችሎት ትክክለኛውን ይቆጥሩ ነበር፤ ቤት ሲመለሱ ደግሞ በደረሰኙ ስም ይጠሩ ነበር። አክስቴ ሁለቱንም ታውቃለች። አባቴ በዕድሜ ስለሚያንሳት የሰማው የቤቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው ትክክል ነበሩ፤ አንድ ጣት የጎደለን እኛ ነን። አቅኚው ለእኔ ቅድመ አያቴ ሳይሆኑ ምንዥላቴ ናቸው፤ ቅድመ አያቴ ደግሞ ሴት ናቸው።

ይህን ስረዳ ያዘንኩት በሌላ አልነበረም፤ የደሴ ሰው ሆኜ ይህን አለማሰቤ ገረመኝ። ከተማችን በሴት በኩል የሚወርድ ዘር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ልጅ ኢያሱ ለዙፋን የታጩት በአባታቸው በንጉሥ ሚካኤል አልነበረም፤ በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ ነው። የእቴጌ መነን እናት ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ናቸው፤ ስማቸውም እስከ ዛሬ በደሴ ትምህርት ቤት ላይ አለ፤ እኔም አባቴም በዚያ በር አልፈናል። በየቀኑ በአንዲት ሴት ስም በተጠራ በር እየገባን የራሳችንን ሴት ረስተን ነበር።

የቀረው የስሙ ጉዳይ ነው። ለእሱ ኩታበር ሄድኩ። ከደሴ ወጥቶ በቦሩ ሜዳ በኩል ነው መንገዱ፤ ሜዳው ዘንድ ስደርስ ከመኪና ወረድኩና ጥቂት ቆየሁ። የወሎን ቤቶች ለሁለት ስም የዳረገው ነገር የሆነው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። በ1870 ዐፄ ዮሐንስ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ይዘው በዚህ ስፍራ ጉባኤ አደረጉ። በጉባኤው የሃይማኖት ክርክሩ በተዋሕዶ ወገን ከተዘጋ በኋላ የወሎ መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ በዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አባትነት ሚካኤል ተባሉ፤ የኋላው ንጉሥ ሚካኤል እሳቸው ናቸው፤ አባ ዋጠው በንጉሥ ምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ጌታው ሲጠመቅ አሽከሩ አብሮ ተጠመቀ። ያልተቀበለውም ብዙ ነው፤ አንዳንዱ አገሩን ጥሎ ሄደ፣ እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ተቃውሞውን መሩ። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ጥምቀት ወርዶ ሌላው ጀምዓው ጋር የቀረበት ጊዜ ነው። ያን ዘመን አንስቼ የማንንም ሃይማኖት ለመመዘን አልፈልግም፤ በግድ መሆኑ ግን ያሳዝነኛል።

ሽማግሌው ከቤታቸው ደጃፍ ወጥተው ተቀበሉኝ። እንግዳ እንዳልሆን ብለው ገና ሳልቀመጥ «የወንድሜ ልጅ» እያሉ ለቤተሰባቸው አስተዋወቁኝ። በሳቸው ወገን የሚነገረው እንዲህ ነው፤ አቅኚው በወጣትነታቸው ኩታበር ሚስት አግብተው ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። ከቦሩ ሜዳው በኋላ እሳቸው ተጠመቁ፤ ሚስታቸው እምቢ አሉ። ጠብ አልነበረም ይላሉ ሽማግሌው፤ ሴትዮዋ ከልጃቸው ጋር ከወላጆቻቸው ዘንድ ቀሩ፣ ሰውየው ወደ ገራዶ ወረዱ፣ እዚያም ሌላ አገቡ። የኩታበሩ ልጅ አባቱን የሚያውቀው በቀድሞ ስሙ ነው፤ በዚያው ቆጠሩ። የገራዶው ቤት ደግሞ የቀድሞውን ስም አላነሣም። አንዱ ሰው ሁለት ሆነው ቀሩ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ እንኳ አንድ ጥርጣሬ አልለቀቀኝም፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች በወሬ ተገጣጥመው ይሆን? ያኔ የፈረስ ስማቸውን ጠየቅኩ። ሰው በተጠመቀ ጊዜ ወላጅ ያወጣለት ስም ይቀየራል፤ የፈረስ ስሙ ግን አይቀየርም። ንጉሥ ሚካኤል በፉከራ አባ ሻንቆ ተብለው እንደሚታወቁ ሁሉ ፈረስ የነበረው የወሎ ሰው ሁሉ «አባ እንዲህ» የሚባልበት ስም ነበረው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና እናታቸው በሙሾ የሚያነሷት አንዲት ግጥም ትዝ አለቻቸው፤ በዝግታ አወረዷት፤ በሁለተኛው ስንኝ ላይ የፈረሱ ስም መጣ። አክስቴ ከነገረችኝ ስም ጋር አንድ ነው። ከገራዶና ከኩታበር፣ መቶ አርባ ዓመት ያህል ተለያይተው የኖሩ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ በሙሾ አንዱ በርስት ቆጠራ፣ ያንኑ ፈረስ አቆይተውት ነበር። ሽማግሌው ተነሥተው ዱዓ አደረጉ፤ እኔም አሜን አልኩ።

አቅኚው ዓድዋ ዘምተዋል ወይ የሚለውን ሁለቱም ወገን ጠይቆኛል። ዐፄ ምኒልክ ሠራዊታቸውን ወረ ኢሉ ላይ እንዲከት ባዘዙ ጊዜ፣ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞችም የካቲት 23 ቀን 1888 በማርያም ሸዊቶ በኩል በጣሊያኑ ጄኔራል በዳቦርሚዳ ብርጌድ ላይ በወደቁ ጊዜ፣ እሳቸው ፈረስ ያላቸው የወሎ ሰው ነበሩ። ዳዊቱ ላይም በቆጠራውም ላይ ስለዚህ አንድም ቃል የለም፤ ስለዚህ እኔም በጻፍኩት የትውልድ ሐረግ ላይ አላስገባሁትም። ልጆቼ ቅር ብሏቸዋል።

ባለፈው ጥር ሽማግሌውንና አክስቴን ይዤ ገራዶ ወረድን። መኪናው መንገዱን እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው ቆጠራውን ይገጣጠሙ ነበር፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። አክስቴ የሽማግሌውን ቅድመ አያት፣ እምቢ ብለው ኩታበር የቀሩትን ሴት፣ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች፤ እንዳትረሳው ደጋግማ ጠራችው። እኔ ከፊት ሆኜ ጻፍኩት።

የዶማውን ዛሬ የሚያርሰው በ1967ቱ አዋጅ ወቅት መሬቱ የደረሰው ሰው ልጅ ነው፤ ከእኛ ጋር ዝምድና የለውም። ጤፉን አንሥቶ ጨርሶ ነበር። በማሳው ዳር ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የድንጋይ ካብ አለ፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ሁለት ሰው የሚያነሣው ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ እያነሰ ሄዶ ከአናቱ ላይ ጭብጥ የሚያክል ጠጠር ነው። አክስቴ በልጅነቷ አያቷ በየዓመቱ ከእርሻ በፊት ጠጠር እየለቀሙ በቅርጫት እያመጡ እዚህ ላይ ሲደፉ አይታቸዋለች። «ከሥሩ የአባታቸው ነው፤ ይሄ የእሳቸው ነው» አለችና እጇን ከአናቱ ላይ አሳረፈች።

ገበሬውን የመሬቱን ስም ጠየቅኩት። «የዶማው» አለኝ። ለምን እንዲህ እንደ ተባለ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ፤ አባቱም እንዲሁ ይለው እንደ ነበር ብቻ ነገረኝ። ካቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ከኅዳር 12 ቀን 1882 ጀምሬ ነገርኩት።